«በራሴ ፈቃድ ለቅቄያለሁ» ብለሽ እንዳትፈርሚ

ጥያቄ፦

«ጋሼ ሰላም ለርሶ ይሁን። ስሜን አያውጡብኝ እባክዎ። ኮምቦልቻ አንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ስፌት ላይ ኦፕሬተር ነኝ፣ አራት ዓመት ሰርቻለሁ፣ ደሞዜ 4,200 ብር ነው። ጥቅምት 19 ጠዋት ከመደርደሪያ ላይ የጨርቅ ጥቅል ወርዶ ቀኝ እጄን አንጓው ላይ መታኝ። የፋብሪካው ክሊኒክ በፋሻ አስረው ወደ ደሴ ላኩኝ፣ ራጅ ተነስቼ ተሰብሯል ተባለና ጄሶ ተደረገልኝ። ጄሶው ከተፈታ በኋላም እጄ እንደድሮው አይጨብጥም፣ መቀስ እንኳን መያዝ አልቻልኩም፣ እስካሁን ፊዚዮቴራፒ እየተመላለስኩ ነው። ሐኪሙ የሚሰጠኝን ሲክ ሊቭ ሁሉ በጊዜው ለኤች አር አስገብቻለሁ። የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ከፈሉኝ፣ ቀጥሎ ያለውን ሁለት ወር ግማሽ ግማሽ፣ ከዛ ወዲህ ምንም የለም። የካቲት 18 ጠርተውኝ ስሄድ «በተደጋጋሚ ከሥራ በመቅረትሽ ውልሽ ተቋርጧል» የሚል ደብዳቤ ሰጡኝ። የሥራ ልምድና ቀሪ ሂሳብ ከፈለግሽ ደግሞ «በራሴ ፈቃድ ለቅቄያለሁ» የሚል ወረቀት ፈርሚ አሉኝ። ላስብበት ብዬ ወጣሁ። ሱፐርቫይዘሬ «እዛ ጥቅል ስር ሄደሽ የቆምሽው ራስሽ ነሽ» ይላል። እናቴ ደግሞ ፈርመሽ የሚሰጡሽን ተቀብለሽ ተገላገይ ትለኛለች። ምን ይሻለኛል?»

መልስ፦

እህቴ መጀመሪያ አብሽሪ። ሁለተኛ ሳትፈርሚ መውጣትሽ ትልቅ ነገር ነው፣ ያቺን «ላስብበት» ብለሽ የወጣሽባትን ደቂቃ እኔ በጊዜዬ አላገኘኋትም ነበር።

ለምን እንደዚ እንደምልሽ ልንገርሽ። እኔ ደሴ አንድ መጋዘን ውስጥ ንብረት ያዥ ሆኜ እሰራ በነበረ ጊዜ ከመሰላል ወድቄ እግሬ ተሰበረ፣ ቤት ተኝቼ ሁለት ወር ምናምን እንደሆነኝ ና ተባልኩ፣ ክራንቼን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ወንበር ላይ ቁጭ ስል ወረቀቱ ተጽፎ አልቋል፣ እስክሪብቶው ክዳኑ ተከፍቶ ወረቀቱ ላይ ተጋድሟል፣ ሰውየው ደግሞ በጣም ደግ ነው፣ ሻይ አዘዘልኝ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ፣ «ለፎርማሊቲ ነው» አለኝ። ፈረምኩ። ከወር በኋላ የሠራተኛ ጉዳይ ሚያውቅ ሰው ጋ በክራንች ስሄድ ገና ቁጭ ሳልል የጠየቀኝ «ፈርመሃል ወይ?» ብሎ ነው። አዎ ስለው ዝም አለ። ያ ዝምታ እስከዛሬ አይረሳኝም። ስለዚ ይሄን መልስ ምጽፍልሽ ላንቺ ብቻ አይደለም፣ ዛሬ ኮምቦልቻም ሆነ ደሴ እንደዛ አይነት ወረቀት ፊቱ ለተቀመጠበት ሰው ሁሉ ነው።

«በራሴ ፈቃድ» የሚለው ቃል ሕግ ፊት ምን እንደሚያደርግ ግልጽ ይሁንልሽ። ሰው በፈቃዱ ሥራ ከለቀቀ አሰሪው አባረረው አይባልም፣ ካልተባረርሽ ደግሞ ያለአግባብ ተባረርኩ ብለሽ ካሳ መጠየቅ አትችይም። አሁን እጅሽ ላይ ያለው የስንብት ደብዳቤ እነሱ እንዳሰናበቱሽ ይመሰክራል፣ ያኛውን ከፈረምሽ ግን በገዛ እጅሽ ይሄንን ደብዳቤ ታፈርሺዋለሽ። የሥራ ልምድ ደግሞ የማንም ውለታ አይደለም። ምን ሥራ ላይ እንደነበርሽ፣ ስንት ጊዜ እንዳገለገልሽና ደሞዝሽ ስንት እንደነበር የሚገልጽ ማስረጃ ስትጠይቂ የመስጠት ግዴታ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጁ በ1156/2011 ተጥሎባቸዋል፣ ቀሪ ክፍያሽም ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል ያለበት ነው። ፈርሚና እንሰጥሻለን የሚባል ነገር የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ከደብዳቤሽ ውስጥ በጣም ያናደደኝም እሱ ነው። አንደኛውን ወር ሙሉ፣ ሁለቱን ወር ግማሽ፣ ከዛ ባዶ ከፈሉኝ ያልሽው አከፋፈል የዘፈቀደ አይደለም፣ ከአዋጁ አንቀጽ 86 ቃል በቃል የተወሰደ ነው፣ ግን እሱ አንቀጽ የሚሰራው በሥራ ምክንያት ላልመጣ ህመም ነው። ታይፎይድ ይዞሽ ቢሆን፣ ጨጓራሽን ቢያምሽ፣ እቤትሽ ደረጃ ላይ ወድቀሽ ቢሆን ልክ ናቸው። አንቺ ግን የተጎዳሽው ፋብሪካ ውስጥ፣ በሥራ ሰዓት፣ ሥራሽን ስትሰሪ በፋብሪካው ጨርቅ ነው። ይሄ የህመም ፈቃድ አይባልም፣ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ነው የሚባለው፣ ራሱን የቻለ ሌላ ምዕራፍ አለው፣ ክፍያውም ሌላ ነው። ብዙ ሠራተኛ ይሄን ልዩነት ስለማያውቅ ሲክ ሊቭ ብሎ የተሰጠውን ወረቀት ይዞ ሲክ ሊቭ ሚከፈለውን ተቀብሎ ዝም ይላል። እዛው ላይ ነው ገንዘቡ የሚቀረው።

በሥራ ላይ ጉዳት ደርሶበት ለጊዜው መሥራት ያልቻለ ሰው የሚከፈለው እንዲህ ነው፣ የመጀመሪያውን ሦስት ወር ሙሉ ደሞዝ፣ ቀጥሎ ያለውን ሦስት ወር ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ የቀረውን ስድስት ወር ከ50 በመቶ ያላነሰ፣ በጠቅላላው እስከ አንድ ዓመት። አንቺ ላይ ስናሰላው ከጥቅምት 19 እስከ ጥር 19 ያለው ሦስት ወር 12,600 ብር መሆን ነበረበት፣ የከፈሉሽ 4,200 እና ሁለቴ 2,100 ነው፣ ማለትም 8,400፣ እዚህ ላይ 4,200 ብር ጎድሏል። ከጥር 19 ወዲህ ደግሞ በየወሩ 3,150 ብር መግባት ሲገባው ዜሮ ነው የገባልሽ። እስከተባረርሽበት ቀን ብቻ ቢቆጠር እንኳን 7,350 ብር ይቀርሻል (ሂሳቡ ባለፈው ዓመት አማካይ ደሞዝሽ ስለሚሰራ በዓመቱ ውስጥ ደሞዝሽ ተቀይሮ ከነበረ ትንሽ ሊለይ ይችላል)። የራጁ፣ የመድኃኒቱ፣ የፊዚዮቴራፒው ወጪም በሥራ ጉዳት ከሆነ የአሠሪው ነው፣ ከኪስሽ የከፈልሽው ካለ ደረሰኙን አትጣይው፣ ቦርሳሽን ሁሉ ፈትሺ።

ሱፐርቫይዘርሽ «ራስሽ ነሽ እዛ የቆምሽው» ያለው ነገር እያስጨነቀሽ እንደሆነ ከአጻጻፍሽ ገባኝ፣ ምናልባት ማታ ማታ እውነት የኔ ጥፋት ይሆን እያልሽ ይሆናል። ሕጉ እንደዛ አያይም። ለሥራ ላይ ጉዳት አሠሪው ተጠያቂ የሚሆነው ጥፋት ኖረበትም አልኖረበትም ነው። የሚድነው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ብቻ ነው፣ ለምሳሌ በግልጽ የተሰጠ የደህንነት መመሪያ እያወቀ ጥሶ ወይም ሰክሮ ሥራ ገብቶ የመጣ ጉዳት እዚህ ውስጥ ይገባል። መደርደሪያ አጠገብ መቆም ሥራሽ ነው፣ አንቺ ኦፕሬተር ነሽ፣ ጨርቁን ያ ቦታ ላይ በደንብ የመደርደር ኃላፊነት የማን ነበር ብለሽ መጠየቅ ያለብሽ አንቺ ነሽ።

ስንብቱ ላይ እንምጣ። «በተደጋጋሚ ከሥራ መቅረት» ያሉት አንቀጽ 27 ላይ ካለው ያለማስጠንቀቂያ ከሚያሰናብቱ ምክንያቶች የወሰዱት ነው። እሱ ግን ሁለት ነገር ይፈልጋል፣ ሠራተኛው በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ 5 ቀን ቀርቶ መሆን አለበት፣ መቅረቱም በአዋጁ ውስጥ ካሉት የፈቃድ አይነቶች የማይገባ መሆን አለበት። አንቺ በጽሑፍ የደረሰሽ ማስጠንቀቂያ የለም፣ እንዳለ ብትጽፊልኝ ኖሮ ሌላ ነገር እልሽ ነበር፣ የቀረሽበት እያንዳንዱ ቀን ደግሞ የሐኪም ወረቀት አለው። እሺ እነሱ እንደሚሉት ተራ የህመም ፈቃድ ነው እንበል፣ ነገሩን በነሱ ቆጠራ እንሂድበት። በአንቀጽ 85 የህመም ፈቃድ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ነው። ከጥቅምት 19 እስከ የካቲት 18 አራት ወር እንኳን በቅጡ አልሞላም። በራሳቸው ቆጠራ እንኳን ፈቃድ ላይ እያለሽ ነው ያባረሩሽ።

አንድ ነገር ግን እንዳልሸፍንብሽ። ሕጉ የታመመ ወይም የተጎዳ ሰው በፍጹም አይሰናበትም አይልም። በጤና መታወክ ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ሥራውን ለዘለቄታው መሥራት የማይችል ሆኖ ከተገኘ አሠሪው ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን ማቋረጥ ይችላል። ቃሉ ግን «ለዘለቄታው» ነው፣ እሱም በግምት የሚባል አይደለም፣ የሐኪሞች ቦርድ አይቶ የሚያረጋግጠው ነገር ነው። ያንቺ እጅ ገና ሕክምና ላይ ነው፣ ቦርድም አላየሽም፣ ደብዳቤያቸውም ስለ ጤናሽ አንድ ቃል አይልም። ምናልባት፣ አላህ አያርገውና፣ እጅሽ ላይ የማይድን ጉድለት ቀረ ቢባል ደግሞ ያኔ የጉዳት መጠኑ በቦርድ በመቶኛ ተወስኖ የጉዳት ጡረታ ወይም ዳረጎት (አንዴ ብቻ የሚከፈል ገንዘብ) የሚባለው ጥያቄ ይመጣል፣ ለሱ ደግሞ ጡረታሽ ሲቆረጥና ገቢ ሲደረግ እንደነበር ማወቅ አለብሽ። ከደሞዝሽ 7 በመቶ አንቺ፣ 11 በመቶ እነሱ ነው ሚከፈለው፣ የደሞዝ መክፈያ ወረቀትሽ ላይ ይታያል፣ አንዱን ፈልጊና እዪው።

ስለ ገንዘቡ ስትወስኚ አይንሽ እያየ እንዲሆን ሌላኛውን ሂሳብም ልስራልሽ። ፍርድ ቤቱ ስንብቱ ሕገወጥ ነው ካለ ወይ ወደ ሥራ ይመልስሻል ወይ ካሳ ያስከፍልልሻል፣ አንቀጽ 43 ላይ ነው። ከተመለስሽ ስትከራከሪ የቆየሽበትን ውዝፍ ደሞዝ እስከ ስድስት ወር ሊወስንልሽ ይችላል፣ ይግባኝ ሄዶ ከጸና እስከ አንድ ዓመት። ካልተመለስሽ ደግሞ ላልተወሰነ ጊዜ ለተቀጠረ ሰው የቀን ደሞዙ 180 ጊዜ ተባዝቶ ነው ካሳው፣ ደሞዝሽን ለ30 ብናካፍለው ቀኑ 140 ብር፣ 25,200 ይመጣል። በዛ ላይ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ አለ፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ ሁለት ወር ነው፣ 8,400። የሥራ ስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር፣ ከዛ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት የዛ ሲሶ እየተጨመረ ስለሆነ አራት ዓመት ላይ ሌላ 8,400 ነው። 42,000 ብር ሆነ፣ የጎደለው የጉዳት ክፍያ 7,350 አለ፣ ያልወጣሽበት የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይታሰባል። እናትሽን ይሄን ቁጭ አድርገሽ አስረጃቸው። እናትሽ ስለሚፈሩልሽ ነው ተገላገይ የሚሉት፣ ቤት ውስጥ ገቢ ሲቆም እናት ምን እንደምታስብ አውቃለሁ፣ ቁጥሩን ሲሰሙ ግን ምናልባት ራሳቸው ሂጂ ይሉሻል።

እኔ ብሆን ወደ ሥራ መመለስን ነው ዋና አድርጌ የምጠይቀው፣ እጅሽ ገና ስላልዳነና ሌላ ቦታ በዚ እጅ ቶሎ ስለማይቀጥሩሽ። አማራጭ አድርገሽ ካሳውን አብረሽ ጠይቂ፣ ሁለቱንም በአንድ ክስ ማቅረብ ይቻላል። ግን ከዛ ሱፐርቫይዘር ጋ አንድ ቤት መግባት አልችልም ካልሽ ያንቺ ጉዳይ ነው፣ በዚህ ማንም አይፈርድብሽም።

ቀኑን አሁን በደንብ ያዢው። ወደ ሥራ ልመለስ የሚለው ጥያቄ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፣ ጊዜው አልፏል ይባላል ማለት ነው። ያንቺ ግንቦት 18 ያልቃል። የደሞዝና ውሉ ሲቋረጥ የሚከፈሉ ክፍያዎች ጥያቄ ደግሞ 6 ወር ነው። ብዙ ሰው «እንነጋገራለን፣ ማኔጀሩ አዲስ አበባ ሄዷል፣ ሲመጣ እንደውልልሻለን» እየተባለ ሦስት ወሩን ሲጠብቅ ያልቅበታል፣ በስልክ መለማመጥ ቀኑን አያቆመውም። ቀኑን የሚያቆመው ጉዳዩን የማየት ሥልጣን ላለው አካል በጽሑፍ ማቅረብ ወይም እነሱ መብትሽን በግልጽ ማመናቸው ነው። ግንቦትን እንዳትጠብቂ ታዲያ፣ በዚህ ወር ውስጥ ግቢ።

የት ለሚለው፣ የግል የሥራ ክርክር የሚታየው በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው፣ ኮምቦልቻ ላይ እዛው ወረዳ ፍርድ ቤት ማለት ነው። ሠራተኛ ለሚያቀርበው የሥራ ክርክር የዳኝነት አይከፈልም፣ ስለዚ ብር የለኝም ብለሽ እንዳትቀሪ። ሕጉ ክሱ ከቀረበ በ60 ቀን ውስጥ ይወሰን ይላል፣ በተግባር ቀጠሮ ሊረዝም ይችላል፣ ግን እንደ መሬት ክርክር ዓመታት አይፈጅም። ከዛ በፊት በድሮ ስሙ ሠራተኛና ማኅበራዊ የምንለው የከተማው ጽሕፈት ቤት ሄደሽ ብታመለክቺ አሠሪውን ጠርተው የሚያስማሙበት ጊዜ አለ፣ ሞክሪው፣ ግን እዛ ተመላልሰሽ ቀኑ እንዳያልቅብሽ። ክስ የሚጽፍልሽ ሰው ካጣሽ ደሴ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህራኑ ጋ ነፃ የሕግ ድጋፍ ጠይቂ፣ ፋብሪካችሁ ሠራተኛ ማኅበር ካለው ደግሞ ሊቀመንበሩን ዛሬውኑ አናግሪው።

የመጨረሻው ማስረጃ ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የጉዳት ክፍያው ጠቅላላ ክብደት አንድ ጥያቄ ላይ ነው ሚወድቀው፣ «ጉዳቱ ሥራ ላይ ነው የደረሰው ወይስ አይደለም»። እነሱ ሲክ ሊቭ ብለው የከፈሉሽ ምናልባት ሳያውቁ ነው፣ ምናልባት ደግሞ ነገ «ሥራ ላይ አልተጎዳችም፣ ራሷም የህመም ፈቃድ ብላ ነው የወሰደችው» ለማለት ነው። ስለዚ የጓደኞችሽን ስም ጻፊ፣ ያን ቀን ላይኑ ላይ ከጎንሽ ማን ነበር፣ ጥቅሉን ማን አነሳልሽ፣ ክሊኒክ ድረስ ማን ደገፈሽ። ሁለት ሰው እንኳን ቀርቦ ቢመሰክር ትልቅ ነገር ነው፣ እዛው የሚሰሩ ሰዎች መፍራታቸው አይቀርም፣ አትፍረጂባቸው፣ ግን አንዷ ሥራ የለቀቀች ካለች እሷን ቀድመሽ አናግሪያት። የፋብሪካው ክሊኒክ የጻፈልሽ የሪፈር ወረቀት ኮፒ ካለሽ ወርቅ ነው፣ ቀኑና ሰዓቱ ስላለበት። ሲክ ሊቭሽን ለኤች አር በቴሌግራም ልከሽ ከሆነ ፎቶውን፣ እነሱም «ደርሶናል» ብለው ከሆነ እሱንም ስክሪን ሹት አድርገሽ ለምታምኚው ሰው ላኪ፣ ስልክ ይጠፋል። የስንብት ደብዳቤውን ኦሪጅናል ለማንም አትስጪ፣ ፎቶኮፒ ነው ሚሰጠው።

ከሁሉም በላይ ግን የሆስፒታል ካርድሽ አለ። ያን ቀን ድንገተኛ ክፍል የተቀበለሽ ባለሙያ «ምን ሆነሽ ነው?» ብሎ የጠየቀሽን ካርዱ ላይ ጽፎታል፣ እነሱ ሂስትሪ የሚሉት ነው፣ ጥቅምት 19 ማንም ስለ ክስ ሳያስብ የተጻፈ ስለሆነ ዳኛ ከሚያምናቸው ነገሮች አንዱ ነው። «በሥራ ላይ እያለች ጨርቅ ወድቆባት» የሚል ከሆነ ግማሹን ክርክር ጨርሰሻል። ዝም ብሎ «ወድቃ» ወይም «እጇን ተመትታ» የሚል ከሆነም አትደንግጪ፣ በዛ ላይ ምስክሮችሽና የክሊኒኩ ወረቀት ይጨመራሉ። ብቻ ምን እንደሚል ሳታውቂ ፍርድ ቤት እንዳትገቢ።

ለፊዚዮቴራፒ ደሴ በምትወጪበት በሚቀጥለው ቀን አንድ ሰዓት ቀደም ብለሽ ሚኒባስ ያዢ፣ ጋቢሽን ያዢ ደግሞ፣ ከኮምቦልቻ ሙቀት ወጥተሽ ደሴ ብርድ ውስጥ ስትገቢ የተሰበረ አጥንት ጠዋት ጠዋት ይነዝራል፣ እኔ እስከዛሬ አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ካርድ ክፍል ሂጂና የሕክምና ማስረጃ እንዲጻፍልሽ ማመልከቻ አስገቢ፣ ማመልከቻው ላይ የጉዳቱ ቀን፣ የጉዳቱ ምክንያትና አሁን ያለሽበት ሁኔታ እንዲገለጽ ጠይቂ። ካርዱ ላይ የተጻፈውን አንብበሽ ጻፊልኝ፣ የክሱን ረቂቅ አብረን እናያለን።